የቆየ ሳውንድ ካርድ ድምፁ እንዲጠራ፦ የካፓሲተርና የአይሲ አቀያየር ደረጃ በደረጃ

«አሮጌ ሳውንድ ካርድ አለኝ፤ ድምፁ ደክሟል፤ ምን ልቀይርበት?» ይህ ጥያቄ ከደብረ ማርቆስ፣ ከፍኖተ ሰላም፣ ከዳንግላ፣ ከባሕር ዳር ሳያቋርጥ ይደርሰኛል። ጠያቂዎቹ አብዛኞቹ የካሴት መዝሙርና ዘፈን ወደ ኮምፒውተር የሚገለብጡ ናቸው። በትንሽ ክፍል ቀረጻ የሚሠሩም አሉ። ለእያንዳንዱ በስልክ ከማስረዳት አንድ ጊዜ በደንብ ጽፌ ላስቀምጠው።

መጀመሪያ አንድ ነገር ያዙልኝ። ሁሉም ሰው የሚጀምረው አይሲውን (ድምፁን የሚያጎላውን ባለ ብዙ እግር ትንሽ ቺፕ) ለመቀየር በማሰብ ነው። እኔ ግን አይሲውን መጨረሻ ላይ ነው የማስቀምጠው። ቅድሚያ ጥፋቱ የካርዱ መሆኑ ይረጋገጣል። ቀጥሎ የኃይል ካፓሲተሮች (ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅሙ ትንንሽ ዕቃዎች) ይቀየራሉ፣ ከዚያ የድምፅ መውጫ ካፓሲተሮች። አይሲው የሚነካው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። ብዙ ጊዜ አይሲው ጋ ሳትደርሱ ድምፁ ይስተካከላል።

መመሪያው የሚሆነው በፒሲአይ ቀዳዳ (ማዘርቦርዱ ላይ ባለው የካርድ መሰኪያ) ለሚገቡ ካርዶች ነው፦ ሳውንድ ብላስተር ላይቭ፣ ኦዲጂ፣ ኦዲጂ 2፣ ኤም-ኦዲዮ ኦዲዮፋይል 2496 እና የመሳሰሉት። ማዘርቦርዱ ላይ የተለጠፈውን የድምፅ ክፍል በዚህ መንገድ አትንኩት። እዚያ ላይ አንድ ስህተት ኮምፒውተሩን በሙሉ ይዞት ይሄዳል።

ካርዱን ከመንቀላችሁ በፊት

እምምም የሚል ወፍራም ድምፅ የምትሰሙ ከሆነ ካርዱ ጥፋተኛ ላይሆን ይችላል። የእኛ መብራት 220 ቮልት፣ 50 ኸርዝ ነው። የመሬት መስመር ባልተዘረጋበት ቤት ይህ 50 ኸርዝና እጥፉ 100 ኸርዝ በገመዱ በኩል ወደ ስፒከሩ ይገባል። ካፓሲተር ብትቀይሩለት አይጠፋም። ስለዚህ እነዚህን ሞክሩ፦

- ስፒከሩን ከኮምፒውተሩ ነቅላችሁ ስልክ ላይ ሰኩት። ስልኩ ቻርጀር ላይ እንዳይሆን። ድምፁ አሁንም ካለ ጥፋቱ የስፒከሩ ነው።
- ኮምፒውተሩንና አምፕሊፋየሩን በአንድ ማከፋፈያ ላይ ሰኩ። በሁለት ግድግዳ ላይ ሲሰኩ በመካከላቸው የቮልቴጅ ልዩነት ይፈጠርና ያጉረመርማል።
- በዊንዶውስ የድምፅ መቆጣጠሪያ ውስጥ ማይክ፣ ላይን ኢንና ሲዲ የሚሉትን ዝጉ። ሽሽሽ የሚለው ድምፅ ብዙ ጊዜ የሚመጣው ከማይኩ መስመር ነው።
- ሳውንድ ብላስተር ላይቭ ያላችሁ ቀረጻችሁን በ48 ኪሎኸርዝ አድርጉ። ቺፑ ውስጡ የሚሠራው በ48 ነው። በ44.1 የመጣውን ሁሉ እየለወጠ ያስተላልፋል። ይህን ምንም ዓይነት ካፓሲተር አይቀይረውም።

ይህ ሁሉ ተደርጎም ድምፁ ደብዛዛ ከሆነ፣ ቤዙ ከሳሳ፣ ወይም ማውዝ ሲንቀሳቀስ ጭርጭር የሚል ድምፅ ከተሰማ እንቀጥላለን።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- ጫፉ ቀጭን የሆነ፣ ሙቀቱ የሚስተካከል መበየጃ
- ሊድ (ቆርቆሮና እርሳስ የተቀላቀለበት የመበየጃ ሽቦ)፦ 63 በ37 ወይም 60 በ40 የሚል፣ ውፍረቱ 0.5 ወይም 0.6 ሚሊሜትር
- ፍለክስ (ሊዱ በደንብ እንዲይዝ የሚረዳ ቅባት)፣ ሊድ መምጠጫ (ሳከር)ና የመዳብ ጥልፍ ሽቦ
- ዲጂታል መልቲሜትር
- ወረንጦ፣ ትንሽ ካተር፣ ካቻቢቴ፣ አጉሊ መነጽር
- ንጹሕ አልኮልና አሮጌ የጥርስ ብሩሽ። 99 በመቶው ይመረጣል። ከፋርማሲ የሚገኘው 70 በመቶ ቢሆን እንኳ ይሠራል፤ ውሃ ስላለበት ግን ካርዱ በደንብ እስኪደርቅ መጠበቅ ግድ ነው። የቤት አረቄ ቦርድ ላይ አታፍስሱ፤ ውሃውም ሌላው ቅሪቱም ይቀራል።
- ካፓሲተሮች፦ ልኩን በደረጃ 3 ታገኙታላችሁ
- 104 የሚል ጽሑፍ ያለባቸው ትንንሽ ሴራሚክ ካፓሲተሮች (100 ናኖፋራድ)
- አይሲውን የምትቀይሩ ከሆነ፣ አዲስ ባለ 8 እግር ኦፕ-አምፕ (ድምፁን የሚያጎላው አይሲ)

ካፓሲተሩን ከአሮጌ ዲቪዲ ማጫወቻ ወይም ከቴሌቪዥን ነቅላችሁ አትጠቀሙ። ያረጀውን ባረጀ መተካት ነው የሚሆነው። ዕቃ ከአዲስ አበባ የምታስልኩ ከሆነ ዝርዝሩን አንድ ላይ ጨርሱ፣ ከእያንዳንዱም አንድ ሁለት ትርፍ ጨምሩ። አንድ ካፓሲተር ጎድሎ ሥራ ሲቆም ያናድዳል።

ማስጠንቀቂያ

ኮምፒውተሩን ከፍታችሁ እጃችሁን ከማስገባታችሁ በፊት የመብራት ገመዱን ከግድግዳ ንቀሉ። ማጥፊያውን መጫን ብቻ አይበቃም፤ ገመዱ ከተሰካ ቦርዱ ላይ ኃይል አለ። ፓወር ሰፕላዩን ራሱን አትክፈቱት። ውስጡ ያሉት ትልልቅ ካፓሲተሮች ገመዱ ከተነቀለ በኋላም ይመታሉ።

በበጋ አየሩ ሲደርቅ ሰውነታችን ላይ ኤሌክትሪክ ይጠራቀማል። በተለይ የናይለን ሹራብ ከለበሳችሁ ወይም ፕላስቲክ ምንጣፍ ላይ ከሆናችሁ ይብሳል። ካርዱን ከመያዛችሁ በፊት የኮምፒውተሩን ያልተቀባ ብረት ንኩ።

ሊድ መርዝ ነው። መስኮት ክፈቱ፣ ልጆችን አርቁ። ሳትታጠቡ ቆሎ እንዳትዘግኑ።

ደረጃ 1፦ የአሁኑን ድምፅ መዝግቡ

ከሁለቱም ጫፍ ጃክ ባለው ገመድ የካርዱን ላይን አውት (መውጫ) ከራሱ ላይን ኢን (መግቢያ) ጋር አገናኙ። ኦዳሲቲን (የድምፅ መቅረጫ ፕሮግራም) ክፈቱና ምንም ሳታጫውቱ ግማሽ ደቂቃ ቅረጹ። ከዚያ «አናላይዝ» ውስጥ «ፕሎት ስፔክትረም» የሚለውን ተጫኑ። በ50፣ በ100፣ በ150 ኸርዝ ላይ የቆሙ ጫፎች ካሉ የመብራት ንዝረት ነው። ምስሉን አስቀምጡት።

ቀጥሎ በደንብ የምታውቁትን አንድ ቅጂ አጫውታችሁ ቅረጹ። የበገና ቅጂ እመርጣለሁ። ወፍራሙ ድምፅና የአውታሩ ንዝረት አንድ ላይ ስላሉ ቤዝ መጉደሉን ወዲያው ያሳያል። ለቀጭኑ ድምፅ ዋሽንት ይበቃል።

ይህ ደረጃ ብዙ ሰው የሚዘለው ነው። ጆሮ ግን ቶሎ ይለምዳል። ለሰዓታት ተጎንብሶ የሠራ ሰው ደግሞ ድምፁ ተሻሽሎ ቢሰማው ደስ ስለሚለው ያልተሻሻለውን ተሻሻለ ይላል። የቀድሞው ቅጂ ከሌለ የምታወዳድሩት ነገር የለም።

ደረጃ 2፦ ፎቶ አንሡ

ካርዱን አውጡና በሁለቱም ገጽ በስልክ ፎቶ አንሡ፣ ቀረብ አድርጋችሁም ድገሙ። የእያንዳንዱ ካፓሲተር ኔጌቲቭ ምልክት ወደ የት እንደዞረ በፎቶው መታየት አለበት።

ምልክቱን በትክክል አንብቡት። ቦርዱ ላይ የተለጠፈ አጭር የብረት ቆርቆሮ ከሆነ፣ አናቱ ላይ ያለው ጥቁር ቀለም ኔጌቲቭ ነው። እግር ያለው ረጅም ካፓሲተር ከሆነ፣ ጎኑ ላይ የወረደው መስመር ኔጌቲቭ ነው። ቦርዱ ላይ የታተመውን ምልክት ግን ብቻውን አትመኑት። አብዛኛው አምራች የተቀባውን ግማሽ ለኔጌቲቭ ያደርገዋል፤ በተቃራኒው የሚያትምም አለ። የምታምኑት የነበረውን ካፓሲተር አቀማመጥ ነው።

ደረጃ 3፦ የትኛው ካፓሲተር ምን እንደሚሠራ ለዩ

ሁለት ዓይነት ሥራ ነው ያላቸው፤ ሲተኩም አንድ ዓይነት አይደሉም።

የኃይል ካፓሲተሮች ከፒሲአይ የሚመጣውን 5 እና 12 ቮልት ያጠራሉ። የሚገኙት ባለ ሦስት እግር ሬጉሌተሮች (ቮልቴጁን የሚያስተካክሉ ዕቃዎች) አጠገብና ወርቃማው መሰኪያ አካባቢ ነው። ሲያረጁ ውስጣቸው ያለው ፈሳሽ ይደርቃል፣ የውስጥ ተቃውሟቸው ይጨምራል። ያኔ የኮምፒውተሩ ጫጫታ ወደ ድምፁ ይገባል። ማውዝ ሲንቀሳቀስ የሚሰማው ጭርጭርታ ብዙ ጊዜ ከዚህ ነው።

የመውጫ ካፓሲተሮች ጃኮቹ አጠገብ ጥንድ ጥንድ ሆነው ይቀመጣሉ፤ አንዱ ለግራ አንዱ ለቀኝ። ሥራቸው ድምፁን አሳልፎ ቀጥተኛውን ቮልቴጅ ማስቀረት ነው። መጠናቸው ቤዙን ይወስናል። 10 ማይክሮፋራድ ካፓሲተር 10 ኪሎኦም ተቃውሞ ላለው አምፕሊፋየር ሲሰጥ መቁረጥ የሚጀምረው 1.6 ኸርዝ አካባቢ ነው፤ ምንም አይጎድልም። ያው ካፓሲተር 32 ኦም ለሆነ የጆሮ ማዳመጫ ሲሰጥ ግን ከ500 ኸርዝ በታች ያለውን ያዳክማል። በገናው ግማሹ ጠፋ ማለት ነው። 100 ማይክሮፋራድ ብታደርጉት ወደ 50 ኸርዝ ይወርዳል፣ 220 ብታደርጉት ወደ 23።

ስለዚህ ካርዱን ከአምፕሊፋየር ጋር ብቻ የምትጠቀሙ ከሆነ የመውጫውን መጠን ማሳደግ አያስፈልግም፤ በተመሳሳይ ልክ አዲስ አድርጉት። በቀጥታ በጆሮ ማዳመጫ የምትሰሙ ከሆነ 100 ወይም 220 አድርጉ።

ስትገዙ ይህን ተከተሉ፦

- ቮልቴጁ ከነበረው አይነስ። 12 ቮልት መስመር ላይ 25 ቮልት የሚለውን ውሰዱ።
- 105 ዲግሪ የሚለውን ምረጡ። የዚህ ካፓሲተር ዕድሜ ሙቀቱ በ10 ዲግሪ ሲቀንስ በግምት እጥፍ ይሆናል፤ 85 ከሚለው ብዙ ይቆያል።
- ኒቺኮን፣ ፓናሶኒክና ሩቢኮን የታወቁ ናቸው። ለኃይል ዝቅተኛ ኢኤስአር (የውስጥ ተቃውሞ) የሚሉትን ፈልጉ።
- ቁመቱን ለኩ። በሁለት የፒሲአይ ቀዳዳዎች መካከል ያለው ርቀት 2 ሳንቲሜትር ያህል ነው። ረጅም ካፓሲተር ጎረቤቱን ካርድ ይነካል።
- ቢፒ ወይም ኤንፒ የተጻፈበት ካፓሲተር ካለ፣ ምልክት አልባ ነውና በዚያው ዓይነት ተኩት።

ሬጉሌተሩ ላይ 1117 የሚል ቁጥር ካለ፣ መውጫው ላይ ፖሊመር ካፓሲተር (የውስጥ ተቃውሞው እጅግ ያነሰ ዓይነት) አታድርጉ። ይህ ሬጉሌተር ለመረጋጋት በካፓሲተሩ ውስጥ ጥቂት ተቃውሞ ይፈልጋል። ተቃውሞው ከመጠን በላይ ሲያንስ ራሱ መንቀጥቀጥ ይጀምርና ጫጫታ ይፈጥራል። ተራው ጥሩ ካፓሲተር ለዚህ ቦታ የተሻለ ነው።

ደረጃ 4፦ የኃይል ካፓሲተሮችን ንቀሉ

መበየጃውን ከ320 እስከ 350 ዲግሪ አድርጉ። በመጀመሪያ ነባሩ ሊድ ላይ ፍለክስ ቀብታችሁ አዲስ ሊድ ጨምሩበት። ይህ ለምን? ከ2006 በኋላ የተሠሩ ብዙ ካርዶች እርሳስ የሌለበት ሊድ ነው ያላቸው፤ የሚቀልጠው በ217 ዲግሪ አካባቢ ነው። እርሳስ ያለበት 63 በ37 በ183 ይቀልጣል። ሁለቱ ሲደባለቁ ቶሎ ይቀልጣል፣ ቦርዱም ብዙ ሙቀት አይበላም።

ተለጣፊውን ካፓሲተር አንዱን ጎን አሙቁና በጣም በቀስታ ከፍ አድርጉት፣ ወደ ሌላው ጎን ሂዱ፣ ተመለሱ። እስኪለቅ ድረስ በዚህ ተመላለሱ። ሁለት መበየጃ ካላችሁ ሁለቱን ጎን አንድ ላይ ማሞቅ ይቀላል።

አንዳንዶች ካፓሲተሩን በፒንሳ ይዘው አዙረው ይነቅሉታል። አታድርጉት። ከሥሩ ያለችው የመዳብ ማረፊያ ከቦርዱ ጋር የተጣበቀችው በሙጫ ነው፤ አብራ ትመጣለች።

እግር ያለው ከሆነ ከጀርባው ሊዱን በሳከር ምጠጡ። ቀዳዳው ካልጸዳ በጉልበት አትውጉት፤ ሊድ ጨምሩና እንደገና ምጠጡ። በቀዳዳው ውስጥ የፊቱንና የጀርባውን የሚያገናኝ ስስ መዳብ አለ፤ እሱ ከተቀደደ መስመሩ ይቋረጣል።

ደረጃ 5፦ አዲሱን ትከሉና አጽዱ

ፎቶውን እያያችሁ ትከሉ። ኔጌቲቩ ወደ ነበረበት ይዙር። በተለጣፊው ቦታ እግር ያለውን መትከል ካስፈለገ እግሮቹን አሳጥራችሁ ወደ ውጭ እጠፉና በይዱ፤ ከዚያ ካፓሲተሩን ከቦርዱ ጋር በጥቂት ሙጫ አስይዙት። አለዚያ በንዝረት ማረፊያውን ይነቅለዋል።

ስትጨርሱ በአልኮልና በብሩሽ ጥረጉ። የፍለክስ ቅሪት አቧራ ይይዛል። እንደ ባሕር ዳር ያለ እርጥበት ያለበት ቦታ ላይ ደግሞ አቧራውና እርጥበቱ ተደርበው በመስመሮች መካከል ቀስ ብለው ኤሌክትሪክ ያሳልፋሉ።

ደረጃ 6፦ ከመሰካታችሁ በፊት ለኩ

መልቲሜትሩን ጢጥ በሚለው ላይ አድርጉ። የእያንዳንዱን አዲስ ካፓሲተር ሁለት እግሮች ንኩ። ለቅጽበት ጮኾ ዝም ካለ ደህና ነው፤ እየሞላ ነው። ሳያቋርጥ የሚጮህ ከሆነ ሊዱ ሁለቱን እግሮች አገናኝቷቸዋልና አጉሊ መነጽሩን ያዙ።

የመጀመሪያውን ሙከራ ቢሳሳት በማያሳዝናችሁ አሮጌ ኮምፒውተር ላይ አድርጉ። የጆሮ ማዳመጫም ስፒከርም አትሰኩ። ኮምፒውተሩን አብሩና ጥቂት ደቂቃ ጠብቁ። የሚሸት ወይም በጣም የሚሞቅ ነገር ካለ ወዲያው አጥፉ። ተገልብጦ የተተከለ ካፓሲተር አብጦ ሊፈነዳ ይችላል፤ በዚህ ሰዓት ፊታችሁን አታስጠጉ።

ከዚያ መልቲሜትሩን ቀጥተኛ ቮልት ላይ አድርጉና የላይን አውቱን ለኩ። ምንም ሳይጫወት ጥቂት ሚሊቮልት ብቻ መሆን አለበት። ከዚያ በላይ ቆሞ ከቀረ ስፒከር አትሰኩ፤ የመውጫ ካፓሲተሩ አንድ ችግር አለበት።

ደህና ከሆነ የደረጃ 1ን ቀረጻ ድገሙና ምስሎቹን አስተያዩ። ከዚህ በኋላ ነው የመውጫ ካፓሲተሮችን በተመሳሳይ መንገድ የምትቀይሩት። ሁለቱን ሥራ በአንድ ቀን አትደርቡ። አንድ ነገር ቢበላሽ የቱ እንደሆነ ማወቅ የሚቻለው ለየብቻ ሲሠራ ነው።

ደረጃ 7፦ አይሲው፣ ካስፈለገ ብቻ

ካፓሲተሮቹ ተቀይረው የኋላው ሽሽታ አሁንም ከፍ ያለ ከሆነ ወደ ኦፕ-አምፑ እንሂድ። ከጃኮቹ ጀርባ ያለች ባለ 8 እግር ትንሽ አይሲ ናት። በላይዋ 4558፣ 4565፣ 4580 ወይም 072 የሚል ቁጥር ሊኖር ይችላል።

ቁጥሩን ሳታነቡ እንዳትነቅሉ! 93ሲ46 ወይም 24ሲ02 የሚል ከሆነ እሱ የካርዱን ማንነት የያዘ ማኅደር (ሜሞሪ) ነው። መልኩ አንድ ዓይነት ነው፤ ከተነቀለ ግን ዊንዶውስ ካርዱን ላያውቀው ይችላል። 4556 የሚለውን ደግሞ በቦታው ተዉት። ለጆሮ ማዳመጫ ከፍ ያለ ከረንት እንዲሰጥ የተሠራ ነው፤ ስመ ጥር የሆነው ሁሉ በዚህ ቦታ አይበልጠውም።

ቀጥሎ ቮልቴጁን ለኩ። ካርዱ እንደተሰካ የመልቲሜትሩን ጥቁር ጫፍ የኮምፒውተሩ ብረት ላይ፣ ቀዩን 8ኛው እግር ላይ፣ ከዚያ 4ኛው ላይ አድርጉ። ጫፉ ተንሸራቶ ሁለት እግር እንዳይነካ እጃችሁን አሳርፉ። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት የምትመርጡትን ይወስናል፦

- ኦፒኤ2134 እና ኤልኤም4562 በድምሩ ከ5 ቮልት ጀምሮ ይሠራሉ። 5 ላይ ግን ጠርዝ ላይ ናቸው፤ ከፍ ሲል ነው የሚያምሩት።
- ኤንኢ5532 10 ቮልትና ከዚያ በላይ ላለው ይሁን። ርካሽ ነው፣ በየቦታው ይገኛል። ለአብዛኛው ሰው የምመክረው እሱን ነው።
- በጣም ፈጣን የሚባሉትን ተዉ። ለእነሱ ባልተነደፈ ቦርድ ላይ ሳይሰማ ይንቀጠቀጣሉ፣ ይሞቃሉ።

ለማንሣት ስምንቱንም እግሮች በካተር ከአካሉ ጥግ ቁረጡ፣ ከዚያ የቀሩትን እግሮች አንድ በአንድ በመበየጃ አንሡ። አይሲው ይጠፋል፤ ማረፊያዎቹ ግን ይተርፋሉ፣ የሚሻለውም ይህ ነው። አዲሱን ስታስቀምጡ ነጥብ ያለባት እግር 1 በነበረችበት ትሁን። አንድ ማዕዘን አስይዙ፣ አሰላለፉን እዩ፣ ከዚያ ሌላውን በይዱ። 104 የሚለውን ሴራሚክ በ8ኛውና በ4ኛው እግር መካከል፣ እግሩን በጣም አሳጥራችሁ ጨምሩ። ይህ አይሲው እንዳይንቀጠቀጥ ያደርጋል።

ገበያው ላይ ስሙ ብቻ የተጻፈበት የውሸት ኦፕ-አምፕ ብዙ ነው። ጽሑፉ በአልኮል ሲታሽ የሚለቅ፣ ወይም ዋጋው ከሌላው ሁሉ እጅግ የወረደ ከሆነ ተጠራጠሩ። ከውሸተኛ ኦፒኤ2134 እውነተኛ 5532 ይሻላል።

ተክላችሁ ስትጨርሱ ደረጃ 6ን ከመጀመሪያው ድገሙ።

ብዙ ጊዜ የሚገጥሙ ስህተቶች

- *አንዱ ጎን ድምፅ የለውም።* የመዳብ ማረፊያ ተነሥቶ ሊሆን ይችላል። ከካፓሲተሩ እግር ተነሥታችሁ መስመሩ እስከሚቀጥለው ዕቃ ድረስ በመልቲሜትር ተከተሉ። የተቋረጠውን በቀጭን ሽቦ ቀጥሉት።
- *ሁለቱም ጎን ድምፅ አለው፣ ግን የተዛባ ነው።* አይሲው ቮልቴጁ አንሶታል ወይም ተገልብጧል።
- *ካርዱ ጭራሽ አልታወቀም።* ወርቃማውን መሰኪያ በአልኮል አጽዱና መልሳችሁ ሰኩ። የነካችሁት መሰኪያ ላይ ሊድ ወይም ፍለክስ ይቀራል።
- *መብራት ሲጠፋና ሲመጣ ካርዱ ጮኸ።* መብራት ሲመለስ ቮልቴጁ ይዘላል። መለካት ላይ ሳላችሁ ከጠፋ የኮምፒውተሩን ገመድ ንቀሉና እስኪረጋጋ ጠብቁ።
- *መበየጃው ሊዱን አላቀልጥ አለ።* ሙቀቱን ወደ 400 አታውጡት። ጫፉን በእርጥብ ስፖንጅ ጥረጉና አዲስ ሊድ አልብሱት። የጠቆረ ጫፍ ሙቀት አያስተላልፍም።
- *የነቀሉትን መጣል።* አሮጌዎቹን ካፓሲተሮች የነበሩበትን ቁጥር ጽፋችሁ በፖስታ አቆዩ። ካርዱ ለጥቂት ሳምንታት ያለ ችግር እስኪሠራ ድረስ ልኩንና ዓይነቱን ለማመሳከር ትፈልጓቸዋላችሁ።